በተራራ ላይ ስለሚገኘው የባሕር ዛጎል፤ ስለ ተራሮች አሠራርና ስለ ጥንት ፍጥረቶች መጥፋት

በትግራይ በሕንጣሎና በመቀሌ አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከገደል ሥር ሲጫወቱ የባሕር ዛጎልና የቀንድ አውጣ ቤት የሚመስል ድንጋይ ያገኛሉ። በዓባይ ቆላም፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው መንገድ ዳር፣ እንደዚሁ ያለ ድንጋይ ይገኛል። ልጁ ይህን ድንጋይ በእጁ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ መምህሩን የሚጠይቀው ነገር ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ባሕሩ ከዚያ በእግር የብዙ ቀን መንገድ ነው፤ የሕንጣሎና የመቀሌ አገርም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ የባሕር እንስሳ ቤት በደጋ ላይ ምን ያደርጋል?

አንዳንድ ሰው ድንጋዩ በአጋጣሚ ዛጎል መሰለ እንጂ ዛጎል አልነበረም ይላል። ሌላው ደግሞ በኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ተራሮችን በሸፈነ ጊዜ የቀረ ነው ይላል። ሁለቱም መልስ ከማሰብ የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ድንጋዩን ቀርቦ የመረመረ ሰው ከሁለቱም የሚበልጥ ታሪክ ያገኛል። ይህም ታሪክ ተራራ እንዴት እንደሚሠራ፣ የጥንት ፍጥረት እንዴት እንደ ጠፋና የተረፈውም እንዴት እየተለወጠ እንደ ኖረ የሚያስረዳ ነው።

፩፤ ድንጋይ እንደ ክምር መሆኑ

ገበሬ በአውድማው አጠገብ ነዶ ሲከምር አስቀድሞ ያመጣው ከታች ይሆናል፤ ኋላ ያመጣውም ከላይ ይሆናል። ክምሩን ያየ ሰው፣ ሲከመር ባይኖር ስንኳ፣ የትኛው ነዶ እንደ ቀደመ ማወቅ ይችላል። በውኃ ውስጥ ረግቶ የተሠራ ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለል በባሕርና በሐይቅ ወለል ላይ ይረጋል፤ በላዩ ሌላ ይረጋል፤ በብዙ ዘመንም የላይኛው ክብደት የታችኛውን ተጭኖ ድንጋይ ያደርገዋል።

ይህነን ሕግ አስተካክሎ የጻፈው ኒቆላዎስ ስቴኖ የሚባል የዴንማርክ አገር ሰው ነው። ዘመኑም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር 1669 ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ስቴኖ አስቀድሞ የአንድ ታላቅ ሻርክ ዓሣ ራስ ሲመረምር ጥርሱ በተራራ ድንጋይ ውስጥ ከሚገኘው ሹል ድንጋይ ጋር አንድ መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ በድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ቅርጽ በአጋጣሚ የተሠራ ሳይሆን በእውነት በሕይወት የነበረ ፍጥረት ቅሪት መሆኑን አስረዳ። እንዲህ ያለውም ድንጋይ የሆነ አካል ቅሪተ አካል ይባላል። ይኸው ስቴኖ ኋላ በ1677 ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ድንጋይን መመርመርም ከእምነቱ አላወጣውም።

በዚህ ሕግ መሠረት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ የክምሩን ነዶ ከላይ ወደ ታች እየቈጠረ እንደሚሄድ ሰው ነው። የሚወርደውም ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ያለው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ በታች ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ በመቶዎች ሜትር ውፍረት ይታያል። ከኖራው ድንጋይ በታች ነጭ የጄሶ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር እየተፈራረቀ ተነጥፎ ይገኛል። ወደ ወንዙ ሲቀርብም ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በትግራይም የአሸዋው ድንጋይ ከታች፣ የኖራው ድንጋይ ከመካከል፣ የእሳቱ ድንጋይ ከላይ ሆኖ ይታያል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ አብሮ የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ ሊቅ እነዚህን ድንጋዮች መርምሮ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የአሸዋውን ድንጋይ በዓዲግራት ስም፣ የኖራውን ድንጋይ በሕንጣሎ ስም ሰይሞአቸዋል። እስከ ዛሬም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

፪፤ ባሕሩ የመጣበትና የሄደበት

ጄሶ የሚሠራው የባሕር ውኃ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ተኝቶ ፀሐይ ሲያደርቀው ነው። የዚህም ምሳሌ በአፋር ይታያል። አሞሌ የሚቈረጥበት የጨው ሜዳ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት ኋላ የደረቀበት ስፍራ ነው። እንግዲህ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጄሶ ንጣፍ መገኘቱ ባሕሩ እየገባና እየደረቀ ብዙ ጊዜ መመላለሱን ያስረዳል። ከጄሶው በላይ ያለው የኖራ ድንጋይም ባሕሩ ጠልቆ ለረጅም ዘመን እንደ ቆየ ይመሰክራል። በውስጡ ዛጎል ብቻ ሳይሆን በሞቀና በጠራ ባሕር ቀስ ብሎ የሚያድገው መርጃን ድንጋይ ሆኖ ተገኝቶአል።

በአንድ ዓመት የመጣና የሄደ ውኃ ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም። ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ይደባልቃል እንጂ አሸዋውን ለብቻ፣ ጄሶውን ለብቻ፣ ኖራውን ለብቻ በየተራ አያነጥፍም፤ መርጃንንም በመቶዎች ሜትር ድንጋይ መካከል በየደረጃው እስኪያድግ አይጠብቅም። ሊቃውንት እንደ መረመሩት የኖራው ድንጋይ የረጋው ከዛሬ 150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ውኃው ትግራይን፣ የዓባይን ሸለቆና ኦጋዴንን ሸፍኖ ነበረ። ዛሬ ቤት የሚለሰንበት ኖራም ተቃጥሎ የሚወጣው እንዲህ ካለው ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ግድግዳውን የሚያነጣው የጥንት ባሕር ፍጥረቶች ቅሪት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

፫፤ ተራራ የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች

ባሕሩ ወደ ተራራው አልወጣም፤ የባሕሩ ወለል ራሱ ከፍ አለ እንጂ። የምድር ቅርፊት እንደ አንድ ሸክላ ድስት ሳይሰነጠቅ የቆመ አይደለም፤ በታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ነው። እነዚህም ክፍሎች በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። የጀርመን አገር ሰው አልፍሬድ ቬገነር በ1912 አህጉሮች ቀድሞ አንድ ሆነው ኋላ እንደ ተለያዩ በተናገረ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የውቅያኖስ ወለል በተመረመረ ጊዜ የአህጉሮቹ መሄድ ተረጋገጠ።

የመጀመሪያው የተራራ መሠሪያ መንገድ ግጭት ነው። የህንድ ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን ሄዶ ከዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተጋጨ። ሁለት ሰዎች ምንጣፍ በግራና በቀኝ ይዘው ቢገፉት መካከሉ እንደሚነሣ፣ በመካከላቸው የነበረው የባሕር ወለል ተጨማዶ ተነሣና የሂማላያ ተራራ ሆነ። ከፍታው 8,849 ሜትር የሆነው የኤቨረስት ጫፍ ስንኳ የባሕር ፍጥረት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ ነው። እንግዲህ የሕንጣሎ ዛጎል ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ እሳት ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋም በይበልጥ የተሠራው በዚህ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቅ የተነሣ ግለት ቅርፊቱን ከፍ አድርጎ ሰነጠቀው፤ የቀለጠውም ድንጋይ በየስንጥቁ እየወጣ አገሩን እንደ ጎርፍ አለበሰው። አንዱ ሲበርድ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ አንዳንድ ስፍራ እስከ 2,000 ሜትር የሚደርስ ውፍረት አገኘ። አብዛኛውም የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑ ተመርምሮአል። በሰሜን ገደሎች ላይ እንደ መደብ ተደራርቦ የሚታየው ድንጋይ ይኸው ነው። ከፍታው ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀንም የተሠራው በእሳት ነው። በጎጃም ያለው የጮቄ ተራራ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ በገርዓልታ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ግን የተፈለፈሉት ከዚያ እጅግ በሚቀድመው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ውኃ ነው። ውኃ ተራራን የሚሠራው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። ዓባይና ተከዜ ገባሮቻቸውን ይዘው ደጋውን እየቈረጡ ሸለቆ አወጡ፤ በሁለት ሸለቆ መካከል ሳይቈረጥ የቀረውም አምባ ሆነ። ስለዚህ ብዙው አምባ ለብቻው ከምድር የተነሣ አይደለም፤ በዙሪያው የነበረው ምድር ተወስዶ እርሱ የቀረ ነው። የአፈሩ መታጠብ ዛሬም አልቆመም፤ በክረምት ዓባይን የሚያደፈርሰው ከዚያው ደጋ የሚሄደው አፈር ነው።

የምድር መሄድም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ዐረብ አገር ከአፍሪቃ እየራቀ በመሄዱ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ፤ ስምጥ ሸለቆም እየሰፋ ነው። በመስከረም 2005 በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ምድር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰንጥቆ አንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ።

፬፤ ዘመኑ እንዴት እንደሚታወቅ

ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ማን ቈጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ በሚወጣ ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከእርሱም አንዱ ዐይነት በማይለወጥ ልክ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። የዚህ ፖታሲየም እኩሌታው እስኪፈርስ 1,250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ እንደ እንፋሎት ይሄዳል፤ ከበረደ በኋላ ግን መውጫ አጥቶ በውስጡ ይጠራቀማል። ስለዚህ የተጠራቀመውን አርጎንና የቀረውን ፖታሲየም የለካ ሰው ድንጋዩ ከበረደ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈው ያውቃል። የዛጎሉ ድንጋይ ራሱ በዚህ መንገድ ባይለካም በላዩና በታቹ ያለው የእሳት ድንጋይ ሲለካ ዘመኑ በመካከል ይወሰናል።

፭፤ ስለ ታላላቅ ጥፋቶች

አንድ ዐይነት ፍጥረት ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ቀድሞ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበረ። በ1796 የፈረንሳይ ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ በሳይቤሪያ የተገኘውን የጥንት ዝሆን አጥንት ከዛሬዎቹ ዝሆኖች አጥንት ጋር አስተያይቶ ከሁለቱም ልዩ መሆኑንና በሕይወትም እንደማይገኝ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ሲመረመር፣ ባለፉት 500 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ፍጥረት እጅግ በብዛት የጠፋባቸው አምስት ታላላቅ ጊዜያት እንደ ነበሩ ታወቀ።

ከሁሉ የከፋው ከዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነው ነው። በሳይቤሪያ፣ በኢትዮጵያ ከፈሰሰው እጅግ የሚበልጥ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ። እሳቱ ሲወጣ በምድር ውስጥ የተከማቸውን የድንጋይ ከሰልና ጨው አቃጠለ። ጭሱና ጋዙ አየሩን ለወጠው፤ ምድርና ባሕር ሞቁ። የሞቀ ውኃ ለዓሣና ለዛጎል መተንፈሻ የሚሆነውን አየር እንደ ቀዝቃዛው ውኃ አይዝም፤ ስለዚህ ባሕሩ በብዙ ስፍራ የታፈነ ሆነ። በባሕር ከነበሩት መቶ ዐይነት ፍጥረቶች ሰማንያው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጠፋ። ትሪሎቢት የሚባለው የባሕር ፍጥረት 250 ሚሊዮን ዓመት ከሚበልጥ ዘመን በኋላ በዚህ ጊዜ ዘሩ አለቀ። በቻይና በሜይሻን የሚገኘው ድንጋይ የዚህ ጥፋት መለያ ወሰን ሆኖ ተመርጦአል፤ ከወሰኑ በታች ያለው በሕይወት ምልክት የተመላ ሲሆን ከወሰኑ በላይ ያለው የጥቂቶች ብቻ ነው።

ሌላው ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነው ነው። በ1980 ሉዊስ አልቫሬዝና ልጁ ዋልተር ከባልንጀሮቻቸው ጋር፣ በኢጣልያ በጉቢዮ አጠገብ ካለ ቀጭን የሸክላ ንጣፍ ውስጥ ኢሪዲየም የሚባለውን ማዕድን ከልክ በላይ አገኙ። ይህ ማዕድን በምድር ቅርፊት ውስጥ ጥቂት ነው፤ ከሰማይ በሚወድቅ ድንጋይ ውስጥ ግን በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋት ያለው ድንጋይ ከሰማይ ወድቆ ምድርን እንደ መታ ተናገሩ። በ1991 የተመታው ስፍራ በሜክሲኮ በዩካታን መሆኑ ታወቀ፤ የጕድጓዱም ስፋት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትቢያውና ጭሱ ፀሐይን ጋረደ፤ ቅጠል ጠፋ፤ ቅጠል የሚበላው ሞተ፤ እርሱን የሚበላውም ተከተለው። ዳይኖሰር የሚባሉት ታላላቅ እንስሶች በዚህ ጊዜ አለቁ፤ ከእነርሱ ወገን የተረፉት ወፎች ብቻ ናቸው።

የኢትዮጵያ ደጋ በእሳት በተሠራ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ በዓለም ሁሉ የደረሰ ጥፋት አልተገኘም። ከዚህም እሳት ሁሉ አንድ ዐይነት ጥፋት እንደማያመጣ ይታወቃል። ጥፋቱን የሚወስነው የእሳቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ወደ አየር የገባው ጋዝ ብዛትና የገባበትም ፍጥነት ነው።

፮፤ የተረፈው እንዴት እንደሚለወጥ

ገበሬ ከአዝመራው ያማረውን እየመረጠ ለዘር ያስቀምጣል፤ በብዙ ዓመትም እህሉ ከቀድሞው ይለያል። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ በዱርም እንዲህ ያለ ምርጫ መኖሩን ገለጸ፤ ነገር ግን በዚያ የሚመርጠው የኑሮው ችግር ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ብርድ በበዛበት አገር ጠጕሩ የበዛው ይተርፋል፤ የተረፈውም ይወልዳል፤ ልጆቹም እርሱን ይመስላሉ። ይህ በብዙ ሺሕ ትውልድ ሲደጋገም አዲስ ዐይነት ፍጥረት ይሆናል።

ታላቅ ጥፋት ሲመጣ ስፍራው ባዶ ይሆናል፤ የተረፉትም ይበዙበታል። ከሳይቤሪያው እሳት በኋላ አሳማ የሚያህል ሊስትሮሳውሩስ የሚባል እንስሳ ምድርን ሞልቶ ነበረ። አጥንቱ በደቡብ አፍሪቃ፣ በህንድና በደቡብ ዋልታ ምድር መገኘቱም እነዚህ አገሮች ቀድሞ የተያያዙ ለመሆናቸው አንዱ ማስረጃ ነው። ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላም ቀድሞ አብዛኞቹ ትንንሽ የነበሩት አጥቢ እንስሶች በዝተው ታላላቅ ሆኑ።

ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ በተገኘው የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅሪት ላይ በ2003 የወጣው ጽሑፍ ይህን ያስረዳል። የእሳቱ ድንጋይ በበረደበት ምድር ላይ ደን በቅሎ የጥንት ዝሆኖችና ሁለት ታላላቅ ቀንድ ያለው አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳ ይኖሩበት ነበር። በዚያ ዘመን አፍሪቃና ዐረብ በባሕር የተከበቡ ነበሩ። ኋላ ከእስያ ጋር በተገናኙ ጊዜ ዝሆን ከአፍሪቃ ወጣ፤ አውራሪስን የመሰሉ ሌሎች እንስሶችም ገቡ። አርሲኖይቴሪየም ግን ዘር ሳይተርፍለት ቀረ።

ተራራም ራሱ ፍጥረትን ይለያል። ቆላው እንደ ባሕር፣ ደጋው እንደ ደሴት ይሆናልና በደጋ የቀረ ወገን ለብቻው ይለወጣል። ዋልያ በሰሜን ተራራ እንጂ በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ጭላዳም የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ የዘመዶቹ አጥንት ግን በኬንያና በደቡብ አፍሪቃ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ያለቀው ወገን በዚህ የቀረው ተራራው መጠጊያ ስለ ሆነው ነው። ነገር ግን መጠጊያ ወሰን አለው። አየር ሲሞቅ ወይም እርሻ ሲወጣበት እንስሳው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከጫፉ በላይ ግን የሚሸሽበት የለም። የዋልያ ቁጥር ዛሬ አንድ ሺሕ አይሞላም። በሳይቤሪያ እሳቱ ያቃጠለውን የድንጋይ ከሰል ዛሬ ሰዎች በእጃቸው ያቃጥላሉና ያለፈው ጥፋት ታሪክ ለወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም።

፯፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች

ልጅ ይህን ትምህርት ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ከአባቱና ከንስሓ አባቱ ቃል ጋር የሚጋጭ ይመስለው ይሆናል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር እንዳያደርግ ይገባል። አንደኛ፣ የሽማግሎችን ቃል በልጆች ፊት እንዳያቃልል፤ ሁለተኛም፣ ጠብ ፈርቶ ድንጋዩ የሚመሰክረውን እንዳይደብቅ ነው። መጽሐፍ ፍጥረት የማን እንደ ሆነና ሰው በፈጣሪው ፊት እንዴት መኖር እንደሚገባው ያስተምራል፤ ድንጋዩ ደግሞ የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ይናገራል። ስለ ስድስቱ ቀናት ርዝመት ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በየዘመኑ ብዙ ተመራምረዋል። ሽማግሌው በዚህ ነገር የተለየ አሳብ ቢኖረው ከመምህሩ ጋር ወደ ገደሉ ሄዶ ንጣፉን በዓይኑ ማየት ከሁሉ የሚሻል ክርክር ነው።

የተገኘውን ነገር መጠበቅም የሁለቱም ሥራ ነው። ልጆች ቅሪተ አካል ባገኙ ጊዜ በመዶሻ እንዳይሰብሩት፣ ለመንገደኛም እንዳይሸጡት ማስጠንቀቅ ያሻል። ከስፍራው የተነሣ ድንጋይ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ ካልታወቀ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። ታላቅ አጥንት ወይም ጥርስ ቢገኝ ሳይነኩ ስፍራውን ምልክት አድርጎ ለወረዳው ሹም ማስታወቅ ይገባል። በ1974 በአፋር በሐዳር የተገኘችው፣ ድንቅነሽ የተባለችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ቅሪት ታሪክዋ ሊነበብ የቻለው አጥንትዋ ከነስፍራው ስለ ተመረመረ ነው።

ዛጎሉን ያመጣው ልጅም መልሱን ከሰማ በኋላ መምህሩ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዛጎሉን ከየትኛው ገደል፣ ከስንተኛው ንጣፍ እንዳነሣው ነው። ልጁ ያንን ካሳየ መማር ጀምሮአል ማለት ነው።